ኮምፖዚተራችንን በምን እንጻፈው?

ሰላም ጓዶች፣

የዌይላንድ ኮምፖዚተራችንን (በሊኑክስ ላይ የፕሮግራሞችን መስኮቶች አቀናጅቶ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን ፕሮግራም) ኮድ ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር እንወስን፦ ግራፊክሱን፣ ቋንቋውንና ላይብረሪውን።

ለግራፊክሱ፣ ማለትም በግራፊክስ ካርዱ ለመሳል፣ በኦፕንጂኤል ኢኤስ እንጀምር ባይ ነኝ። ሌላው አማራጭ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ቩልካን፣ ፈጣን ነው፤ ግን የሜሞሪውንም የማመሳሰሉንም ጣጣ ለእኛ ይተወዋል። የእኛ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ምስል በምስል ላይ መደራረብ ነው። አሮጌው ላፕቶፔ የቩልካን ድራይቨር የለውም፤ በኦፕንጂኤል ኢኤስ ግን መስኮቶቹ ሳይንገጫገጩ ይንቀሳቀሳሉ። እንዲህ ያለ ማሽን የያዘ ሰው በር ላይ መቅረት የለበትም።

ቋንቋው ላይ አልደራደርም፤ ረስት ይሁን። በዌይላንድ ኮምፖዚተሩ ከወደቀ የተከፈቱት ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። አስቡት፤ ተጠቃሚው አንድ መስኮት ዘጋ፣ የእኛ ኮድ ግን የጠፋውን መስኮት ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ይዞ ቀረ። በሲ ቋንቋ ይሄ በቀላሉ ያመልጣል። ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ሴቭ ያልተደረገው ጽሑፍም ያኔውኑ ይጠፋል። ረስት እንዲህ ያለውን ስህተት ገና ኮምፓይል ሲደረግ፣ ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር፣ ይይዘዋል።

ላይብረሪውን (ዝግጁ ኮዱን) በተመለከተ፣ ስዌይ የተባለው ኮምፖዚተር የተሠራበት ደብልዩኤልሩትስ የበሰለ ነው፣ ግን የሲ ነው። በረስት የተጻፈውን ላይብረሪ፣ ስሚዜይን፣ እንያዝ። የኮስሚክ ዴስክቶፕ ኮምፖዚተርም ኒሪ የተባለው ኮምፖዚተርም የቆሙት በእሱ ላይ ነው።

የማትስማሙ ካላችሁ እስከ ዓርብ ጻፉልኝ። በተለይ ሲ ላይ ብዙ የቆያችሁ፣ ሐሳባችሁን በጣም እፈልገዋለሁ።