መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጥኩ የጠየቀኝ አልነበረም

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ አእምሮ ሕመም ካወጣችሁት ጽሑፍ አንድ ዓረፍተ ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ሕመሙ የሚያገረሽባቸው ሰዎች አብዛኞቹ «በቸልተኝነት መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ናቸው» ይላል። እኔ የባይፖላር ታማሚ ነኝ፤ ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሕመም ነው። መድኃኒት መውሰድ ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆኖኛል፤ በእነዚህ ዓመታት ሁለት ጊዜ አቋርጫለሁ። በሁለቱም ጊዜ ቸልተኛ አልነበርኩም።

መጀመሪያ ሆስፒታል የገባሁት ለአምስት ቀናት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ቆይቼ፣ በሬዲዮ የሚነበበው ዜና ለእኔ ብቻ የተላከ መልእክት ነው ብዬ ያመንኩ ጊዜ ነው። ሃሎፔሪዶል ተሰጠኝ። ሳምንት ሳይሞላ ሬዲዮው ተራ ሬዲዮ ሆነ። ለዚህ ውለታው መድኃኒቱን ዛሬም አመሰግነዋለሁ። በዚያው ሰሞን ግን እግሬ አልቀመጥ አለኝ። ስቀመጥ ያስነሣኛል፣ ስቆም ያራምደኛል፣ ስተኛ ብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ እንኳ ተረከዜ ፍራሹን ይፈገፍጋል። ሐሳብ ወይም ፍርሃት አልነበረም፤ ከቆዳዬ ውስጥ ሌላ ሰው «ልውጣ፣ ልውጣ» የሚል ይመስለኝ ነበር። ከመስኮቱ እስከ በሩ 14 እርምጃ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እቆጥረው ነበርና እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ተረኛው ሐኪም ስመላለስ አየና «ገና አልተረጋጋችም» ብሎ መዝገቤ ላይ ጻፈ፤ የመድኃኒቱንም መጠን ጨመረ። መመላለሴ ባሰ።

ነገሩን የደረሰበት የሌሊት ተረኛ የነበረች ነርስ ናት። አጠገቤ እየተራመደች «እኅቴ፣ የሚያስነሣሽ ሐሳብ ነው ወይስ እግርሽ?» አለችኝ። «እግሬ ነው» ስላት እንባዬ ቀደመኝ፤ ሆስፒታል ከገባሁ ጀምሮ መድኃኒቱ ምን እንዳደረገኝ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ሕመሙ አካቲዝያ ይባላል። ለሳይኮሲስ፣ ማለትም ሰው ከእውነታው ሲለይ፣ የሚታዘዙ መድኃኒቶች፣ በተለይ የቀደሙት፣ የሚያመጡት በደንብ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ክፋቱ ግን ከውጭ ለሚያይ ሰው ዋናው ሕመም የባሰ መምሰሉ ነው። መጠኑ ተቀንሶ ፕሮፕራኖሎል ሲታዘዝልኝ ከቀናት በኋላ ቁጭ ብዬ ምሳዬን ጨረስኩ።

ከዚያ ወደ ኦላንዛፒን ተቀየርኩ። እግሬ ዐረፈ፤ ረኃቤ ግን አልጠግብ አለ። በአንድ ዓመት 17 ኪሎ ጨመርኩ፤ ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ ራሴን እንደ ጆንያ እየጎተትኩ ነበር። በቀጠሮ ቀን «ትወስጃለሽ?» እባላለሁ፣ «እወስዳለሁ» እላለሁ፣ ወረቀቱ ይጻፋል፣ ቀጣዩ ታካሚ ይጠራል። ደሜ ተለክቶ አያውቅም፣ ኪሎዬም አልተመዘነም፤ ስኳርና የደም ቅባት ሊጨምር እንደሚችል የነገረኝም አልነበረም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ቆየሁና አንድ ቀን ተውኩት። በአራተኛው ወር ተመልሼ ተኛሁ።

ሁለተኛው ከዚህ ይለያል፤ ለመናገርም ይከብደኛል። ሊቲየም ተጀመረልኝና በእውነት ሰው አደረገኝ። ግን ያቺ ሌሊት ሳትተኛ የምትጽፈው፣ ቃላት በአፏ የሚሽቀዳደሙላት፣ ሁሉን የምትወድ ሴት ጠፋችብኝ። ለሐኪሜ «የቀድሞዋ እኔ ናፈቀችኝ» አልኩት። «እሷ ሕመሙ ናት» ብሎ ገጹን ገለጠ። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ጨዋታው እዚያ ላይ መቆም አልነበረበትም። የናፈቅኩትን ነገር ለማንም ሳልናገር ሊቲየሙን በአንድ ቀን አቋረጥኩ። በስድስተኛው ሳምንት ዳግመኛ በዚያው በር ገባሁ። ሊቲየም በድንገት ሲቋረጥ ማኒያ፣ ማለትም ከልክ ያለፈው መነቃቃት፣ ፈጥኖ የመመለስ ዕድሉ ከፍ እንደሚል የሰማሁት ከወደቅኩ በኋላ ነው።

እኔ ብቻ ነኝ እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ስኪዞፍሬንያ የተባለው ሌላ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው 1,400 ከሚበልጡ ሰዎች መካከል ከመቶ 74ቱ 18 ወር ሳይሞላ የተመደበላቸውን መድኃኒት ትተዋል። ምክንያቶቹ መድኃኒቱ በበቂ አለመሥራቱ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ፣ ወይም የታካሚው የራሱ ውሳኔ ነበሩ። ከአራት ሰዎች ሦስቱ ቸልተኞች ናቸው ብሎ የሚያምን ካለ እሱ ከታካሚ ጋር ተነጋግሮ አያውቅም።

የደም ምርመራውን ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ። ክሎዛፒን የተባለው የሳይኮሲስ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1975 በፊንላንድ ሰዎች ነጭ የደም ሕዋሳቸው አልቆ ከሞቱ በኋላ በብዙ አገሮች ከገበያ ወጥቶ ነበር። የተመለሰው የታካሚው ደም በየጊዜው እየተመረመረ እንዲሰጥ ተወስኖ ነው፤ ዛሬ ሌላ መድኃኒት ላልሠራላቸው ሰዎች ትልቅ ተስፋ ነው። የእኔም ሊቲየም በደሜ ውስጥ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር መካከል እንዲሆን በየሦስት ወሩ ይለካል። ቁጥሩ ከ1.5 ካለፈ መመረዝ ይጀምራል። ታዲያ ለደሜ ይህን ያህል የሚጠነቀቀው አሠራር እንዴት እኔን መጠየቅ ያቅተዋል? አንድ ጊዜ ለጥርስ ሕመም አይቡፕሮፌን ለቀናት ወስጄ እጄ ብርጭቆ መያዝ እስኪያቅተው ተንቀጠቀጠ፤ አስታወከኝ፤ ስራመድም ተንገዳገድኩ። አይቡፕሮፌን ሊቲየምን በደም ውስጥ እንደሚያከማች በዚያን ዕለት ነው የተነገረኝ። ብዙ ፈሳሽ የሚያሳጣ ተቅማጥም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ መድኃኒቱ በተጀመረበት ቀን የሚነገር ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ደግሞ ለባይፖላርም የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤት ከመታዘዙ በፊት መድኃኒቱ ጽንሱን ክፉኛ ሊጎዳ እንደሚችል በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። አብራኝ የታከመች ወዳጄ ይህን የሰማችው ካረገዘች በኋላ ነው፤ ያንን ቀን ዛሬም ስታነሣው ድምፅዋ ይቆረጣል።

ደብዳቤዬን አንብቦ መድኃኒቱን በራሱ ለማቆም የሚያስብ ታካሚ ካለ፣ እባክህ፣ እባክሽ፣ አታድርጉት። እኔ ሁለት ጊዜ አድርጌው ሁለቴም ከፍዬበታለሁ። ሐኪሙ ባይጠይቅም እናንተ ተናገሩ፤ መናገር ካቃታችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። አሁን የምታክመኝ ሐኪም ገና ሳልቀመጥ «እጅዎን ይዘርጉልኝ» ትለኛለች፤ ጣቶቼ ላይ ወረቀት አስቀምጣ መንቀጥቀጡን ታያለች። ቀጥላም «ከመድኃኒቱ ምን አስቸገረዎት?» ብላ እስክመልስ ድረስ ትጠብቃለች። ባለፈው ዓመት መንቀጥቀጡ ሲያስቸግረኝ በደም ምርመራ እየተከታተለች መጠኑን ትንሽ ቀነሰችልኝ። ሰባት ዓመት ሆኖኛል ሳላቋርጥ።

በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሕመማችን ስትጽፉ መድኃኒቱን ከሚውጡት ሰዎች ቢያንስ አንዱን አነጋግሩ። ጽሑፉን ያዘጋጀው ጋዜጠኛ እኔን ማግኘት ቢፈልግ አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍላችሁ ትቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሟ እንዲቆይላት የጠየቀች አንባቢ