ማክሰኞ የሚውል ሰንበት

ይድረስ ለደብረ ብርሃን ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ውኃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ መንገድ ብዙ ደብዳቤ እንደሚደርሳችሁ አውቃለሁ። የኔ ስለ እሁድ ነው።

ታናሽ እኅቴ እዚሁ ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዋ ነው። የዕረፍት ቀኗ ማክሰኞ ነው። ከተቀጠረች ጀምሮ ማክሰኞ። የሳምንት ዕረፍቷን፣ 24 ሰዓቷን አልተነፈገችም። ችግሩ ማክሰኞ ቤት ውስጥ ሰው የለም።

እናታችን ጫጫ ናት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለ። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። ማን እንደታመመ፣ ማን ልጁን ሊድር እንደሆነ የሚሰማው እዚያ ነው። የተጣሉም ሽማግሌ መሀል ገብቶ ይታረቃሉ። እናቴ ከዳቦው ቁራሽ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ለልጇ ታመጣለች። እስከ ማክሰኞ ድርቅ ይላል። እኅቴ ሻይ ውስጥ እየነከረች ትበላዋለች። እናቴ ደጅ ኩበት ትጠፈጥፋለች፤ ለሷ የሥራ ቀን ነዋ። ወንድሞቼ እርሻ ላይ ናቸው። እኅቴ ትንሽ ተቀምጣ፣ ልብሷን አጥባ፣ በመጨረሻው ሚኒባስ ትመለሳለች።

ብቻን ማረፍ እንቅልፍ ይሆናል እንጂ ሰንበት አይሆንም።

ለዚህ ክርክር አገራችን እንግዳ አይደለም። እዚሁ ተጉለት፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1450 አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጉባኤ ጠርተው ነበር። ቅዳሜም እንደ እሁድ ይከበር ወይስ አይከበር ነው ነገሩ። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን አንሽርም ብለው ብዙ ተሰደዋል። ጉባኤው ሁለቱም ይከበሩ ብሎ ቋጨው። ንጉሡ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ደብረ ብርሃንን መቀመጫቸው አደረጉ። ሁለት ቀን ይከበር ባሉ ንጉሥ ከተማ ለአንድ እሁድ ደብዳቤ መጻፌ ለራሴም ያስቀኛል።

የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ። ከይፋት የመጡ ሙስሊም ባልደረቦች አሏት። ጁምዓቸው አርብ ነው፤ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ቀርተው ቤት የሚውሉት ግን እሁድ ነው።

ሕጉም ከኛ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 69ን ያነበበ ሁሉ 24 ሰዓት የምትለዋን ይይዛታል። ቀጥሎ ያለውን ግን ይዘለዋል። የኅብረት ስምምነት ሌላ ካልወሰነ፣ ዕረፍቱ በተቻለ መጠን እሁድ ይዋል፣ ለድርጅቱ ሠራተኞች ሁሉ ባንድ ጊዜ ይሰጥ ይላል። «በተቻለ መጠን» የምትለዋ ቃል ናት እሁዳችንን የበላችው።

ሆስፒታል እሁድ ይዘጋ የሚል የለም። ጥበቃም፣ ዳቦ ቤትም ያው ነው። ማሽኑ መቆም የማይችል ፋብሪካም ይኖራል። እሺ፣ ማሽኑ አይቁም። ሰው ግን ይቀያየራል። ማክሰኞ የተጻፈለት ሰው ዕድሜ ልኩን ማክሰኞ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ከባለሀብቶች ጋር ስትቀመጡ ከመሬቱና ከመብራቱ ጋር የፈረቃውን ሰሌዳም አንሱት። እሁድ ሙሉ በሙሉ ካልተቻለ እያንዳንዱ ሠራተኛ በወር ሁለት እሁድ ይድረሰው። ሰሌዳው ቀድሞ ይለጠፍ፤ ሰው ለዘመዱ መቼ እንደሚመጣ ይንገር።

ኅዳር ላይ የሰንበቴው ተራ የእናታችን ነው። እኅቴ ማክሰኞ መጥታ ጌሾውን ልትወቅጥ ትችላለች። እሁድ ጠላውን የሚቀዳ ሰው ግን ካሁኑ ከጎረቤት እየለመንን ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የከተማችሁ ነዋሪ