ለአባቴ፣ ጋዙን ማን እንደሚገፋው

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ባሕር ዳር።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እማዬስ፣ እህቴና ልጆቿስ እንዴት ናቸው? እኔ እዚህ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የጋዝ ቧንቧ ሥራ ላይ፣ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ውሃስ ከማጠራቀሚያው ቁልቁል ይወርዳል፤ ጋዙን በዚያ ሁሉ በረሃ ማን ይገፋዋል?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። ጥያቄው ግን አብሮኝ አደረ። ዕድሜውን ሙሉ የከተማውን የውሃ ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው ሲጠይቅ በደንብ መመለስ ይገባል።

የሚገፋው ግፊት ነው። ጋዙ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር እየተፋተገ በሄደ ቁጥር ግን ግፊቱ ይደክማል። ስለዚህ በየመቶ ኪሎ ሜትሩ ገደማ መጭመቂያ ጣቢያ ተተክሎ የደከመውን እንደገና ጨምቆ ይልከዋል። የጣቢያው ተርባይን ከሚያልፈው ጋዝ ጥቂቱን እያቃጠለ ይሠራል፤ የጫነውን እህል ስንቅ እያደረገ እንደሚጓዝ ነጋዴ ማለት ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ ከነዳጅ ጋር የሚወጣውን ጋዝ ድሮ ሜዳ ላይ ታቃጥለው ነበር። ያን አሰባስቦ የሚያከፋፍለው አገር አቀፍ መረብ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ውሉ የተፈረመው ሦስተኛው ማስፋፊያ ብቻ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ቧንቧና 17 መጭመቂያዎች ይጨምራል። የቧንቧው አፍ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ ወርዱ በእጥፍ ቢያድግ፣ ግፊቱ ሳይለወጥ የሚያልፈው ጋዝ ከ5 እጥፍ በላይ ይሆናል። ቧንቧው ጎተራም ነው፤ ፍላጎት ሲቀንስ ጋዙ ተጠቅጥቆ ይቆያል። ጨረጨራ ግድብ ላይ የጣናን የክረምት ውሃ ይዘው ለበጋ እንደሚለቁት ይቁጠሩት።

ከዚህ ሁሉ የኔ ድርሻ ብየዳው ነው። ባለፈው ወር ነፋስ በበረታበት ቀን የብየዳ ድንኳኑን አንድ ጎን ሳላስር ሥራ ጀመርኩ። ብየዳው ከላይ ሲያዩት ያማረ ነበር፤ ረክቼ ነበር የተለየሁት። በማግስቱ ራጅ ተነሣ። መርማሪው ፊልሙን ብርሃን ላይ ዘርግቶ ጠራኝ። ነጣ ባለው የብየዳ መስመር መካከል የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ጥቁር ነጥቦች በአንድ ቦታ ተሰብስበዋል፤ ነፋሱ ያስገባው አየር ነው። አፈርኩ። በግራይንደር ፈልፍዬ አወጣሁት፤ ድንኳኑን በአራቱም ጎን አስሬ እንደገና በየድኩት፤ ሁለተኛው ራጅ አለፈ። ይህም ሆኖ ጋዝ ከመግባቱ በፊት መስመሩ በውሃ ተሞልቶ፣ ከሚሠራበት ግፊት በላይ ተጨምቆ ለሰዓታት ይፈተናል።

ያን ቀን እርስዎን አስታወስኩ። ልጅ ሳለሁ፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ የብረት ዘንግዎን መሬት ላይ ተክለው ጫፉን ከጆሮዎ አስጠግተው የሚያፈስሰውን ቧንቧ ሲያዳምጡ ፋኖስ ይዤ አጠገብዎ እቆም ነበር። «ትንፋሽህንም ቀንስ» ይሉኝ ነበር። እዚህ ማግኔት የያዘ መሣሪያ በቧንቧው ውስጥ ከጋዙ ጋር ተገፍቶ ይሄዳል፤ የሳሳውንና የዛገውን ቦታ ሳያፈስስ በፊት መዝግቦ ይወጣል። ባየሁት ቁጥር ዘንግዎ ትዝ ይለኛል።

እማዬ የኦጋዴን ጋዝ እኛ ቤት መቼ ይደርሳል ማለቷን ነግረውኛል። ካሉብ ላይ ጋዝ ከተገኘ 50 ዓመት አልፏል፤ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር ግን በአየር እንኳ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ነው። ለጊዜው ጋዙን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ አቀዝቅዞ በፈሳሽ መልክ በመኪና መጫን ይቀላል። በቧንቧ ቶሎ ይመጣል ብዬ አላታልላትም። ቀኑ ሲደርስ ግን የሚበይዱት የእኛ ልጆች እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። የእህቴ ልጅ ፖሊ ቴክኒክ ከገባ ስለ ዝገት የሚሰጠውን ትምህርት አያሳልፈው። ዘንጉንም ለእርሱ ያስረክቡልኝ።

የላኩት ገንዘብ ለእማዬ የሲሊንደር ምድጃ ነው፤ የማገዶው ጭስ ዓይኗን ጎድቶታል። መጋጠሚያውን እርስዎ ራስዎ የሳሙና አረፋ ይቀቡልኝ፤ አረፋው ከተነፋ ሲሊንደሩን ይዝጉት። ይህኛው ጋዝ እኛ ከምናሳልፈው ይለያል፤ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ሽታ ከመጣ እማዬ መብራትም ክብሪትም ሳትነካ በሩን ከፍታ ትውጣ። አረፋውን በየወሩ ይድገሙት።

ናፋቂ ልጅዎ