ቤዙን ከኪቦርዱ ግራ እጅ ስንቀማ፦ የሙዚቃ ክበብ የዘንድሮ ዘገባ

መስከረም ላይ ባህር ዳር ባለው ትምህርት ቤታችን የክበቡን ምዝገባ ስንከፍት ከመጣው ተማሪ አብዛኛው ዘፋኝ፣ የተረፈው ኪቦርዲስት፣ ትንሽ ክራርና ማሲንቆ የሚነካኩ ልጆች፣ ከበሮ የሚመታ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ፣ ቤዝ ጊታር (ወፍራሙን ዝቅ ያለ ድምፅ የሚያወጣው ባለ አራት ክር ጊታር) ያለ ግን አንድም ሰው የለም። ለምን ስትሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፣ «ቲቸር፣ ቤዙን ኪቦርዱ በግራ እጁ ይመታው የለ?»

አይፈረድባቸውም። ከተወለዱ ጀምሮ በሠርጉም በምርቃቱም ሐይቁ ዳር ባሉት መዝናኛዎችም የሚያዩት አንድ ኪቦርድ ሪትሙንም ቤዙንም ትራምፔቱንም ብቻውን ሲሸከም ነው። ድሮ ቤዝ የራሱ ሰው ነበረው እኮ፣ ዋሊያስ ባንድ ውስጥ መላከ ገብሬ፣ ሮሃ ባንድ ውስጥ ጆቫኒ ሪኮ፣ የነሱን ዘመን ካሴት በጥሩ ስፒከር የሰማ ሰው ቤዙ ከዘፋኙ ሥር እንዴት እንደሚመላለስ ያውቀዋል። ሲንተሳይዘር ሲመጣ ግን አንድ ሰው የሚሠራውን ለሦስት ሰው ማን ይከፍላል ተባለና ቤዙ ወደ ግራ እጅ ገባ፣ እዛው ቀረ። እና ዘንድሮ ክበባችን ምን ሠራ ብትሉኝ እሱን ከግራ እጅ መቀማት ነው የሠራነው፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ የመጣ ነው።

ቤዙ የመጣው ውጭ አገር ከሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ልጆቹ ዝም አሉ፣ ከዛ አንዱ «ቲቸር ያገለገለ ነው የላኩልን?» አለ። አንገቱ ቢጫ፣ አካሉ መሃሉ ወርቅማ ሆኖ ወደ ዳር እየጠቆረ የሚሄድ፣ የፊት ፕላስቲኩ የኤሊ ጀርባ የሚመስል፣ አዲስ ዕቃ ነው ብዬ ባስረዳም ስቶር ላይ ያሉት ጋሼ ራሱ «ያገለገለ» ብለው ሊመዘግቡት ነበር። ነገሩ በድሮው ፕላን የተሠራ አዲስ ቤዝ ነው። ፕላኑ የአሜሪካዊው ጊታር ሠሪ የሊዮ ፌንደር ነው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ ብሎ ያወጣው፣ ከዛ በፊት ቤዝ ማለት ቆመው የሚጫወቱት ያ ትልቁ ኮንትራባስ ነበር፣ ለመሸከም መከራ፣ ድራምና ትራምፔት መሃል ደግሞ የማይሰማ። እሱ አሳጥሮ እንደ ጊታር አንገት ላይ እንዲንጠለጠል አደረገው፣ ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉ ቀጫጭን ብረቶች) ጨመረበት፣ ፍሬት ስላለው ጣትህ ትንሽ ቢሳሳት እንኳ ድምፁ ልክ ይወጣል፣ ስሙም ከዛ መጣ። በ1957 ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ማግኔትና የሽቦ ጥቅል) ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወደላይ አንዱን ወደታች አደረገው፣ ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ ስለተጠመጠሙ ከኤሌክትሪኩ የሚመጣውን እዝዝዝ የሚል ድምፅ እርስ በርስ ያጣፉታል። በ1960 ጃዝ ቤዝ የሚባለውን ቀጭን አንገት ያለውን አስከተለ። የ60ዎቹ ኦሪጅናል ዛሬ በብዙ ሺህ ዶላር ነው የሚሸጠው፣ እኛ ያለን ግን መልኩንና ፕላኑን የያዘው ነው፣ ለኛ ደግሞ ከዛ በላይ አያስፈልግም።

እንዲያውም ለትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ የለም ባይ ነኝ። ከአዳዲሶቹ ቤዞች ብዙዎቹ ውስጣቸው ባለ 9 ቮልት ባትሪ አለ፣ ጃኩን ሰክቶ ወደ ቤቱ የሄደ ልጅ ጠዋት ሲመጣ ባትሪው ሞቶ ይጠብቀዋል። የኛው ባትሪ የለውም፣ ያለው አንድ ቮሊዩም አንድ ቶን፣ አለቀ። ሲበላሽ በካቻቢቴ ይከፈታል፣ ጃኩ ጋ ያለች ሽቦ ጥር ላይ ስትነቀል ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ወስደን እዛው ቆመን እያለን በየዳት።

የመጀመሪያው ችግር ማሰሚያ ነበር። ሚኒ ሚዲያዎችን ለምነን ሰልፍ ሜዳ ላይ የተሰቀለው ቀንዱ ስፒከር ላይ ሰካነው፣ ከቤዙ የሚሰማው የጣት ጭረት ብቻ ሆነ፣ ምክንያቱም ወፍራሙ ኢ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ነው፣ ያ ቀንድ ደግሞ ለሰው ድምፅ እንጂ ለሱ አልተሠራም። ኋላ የአንዲት ተማሪያችን አጎት ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወትበት አማተር ባንድ አለ፣ ሁሉም የቀን ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ የቤዝ አምፓቸውን (የድምፅ ማጉያቸውን) ከሰኞ እስከ ሐሙስ አዋሱን። አምፑና ቤዙ በአንድ ባጃጅ ሲሄዱ አንገቱ በጎን ወጥቶ ታያላችሁ፣ ሰፈሩ ለምዶናል።

መብራት ሲጠፋስ? ይሄን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ያገኙት። የቤዙን ጫፍ የላይብረሪው የእንጨት ቁምሳጥን ላይ አስደግፈው ሲመቱት ቁምሳጥኑ ሳጥን ይሆንና ድምፁ ክፍሉን ይሞላል፣ መጻሕፍቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ። ላይብረሪያኗ እትዬ መጀመሪያ ተቆጡ፣ በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር «የት ቀሩ እነዚህ ልጆች» ይሉ ጀመር።

በመጨረሻ ቤዙን የያዘችው የ11ኛ ክፍል ክራር ተጫዋቿ ናት። እጇ ትንሽ ነው፣ ክሩ ከአንገቱ ጫፍ እስከ ብሪጅ (ክሩ አካሉ ላይ የሚያርፍበት ብረት) 34 ኢንች፣ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ዝቅ ባሉት ፍሬቶች ላይ አራቱም ጣት አይደርስላትም፣ ስለዚህ እንደ ኮንትራባስ ተጫዋቾች የቀለበት ጣቷን ከትንሿ ጋ አጣምራ ነው የምትይዘው። ከክራር መምጣቷ ጠቀማት። የትዝታን ቅኝት ኤ ከሚባለው ድምፅ ስትጀምር ኤ ክር ላይ ባዶ፣ ሁለተኛ፣ አራተኛ ፍሬት፣ ከዛ ዲ ክር ላይ ሁለተኛና አራተኛ፣ አምስቱ ድምፅ እጇ ሳይነቃነቅ አለቀ። አንቺሆዬን ከኢ ስትሞክረው ደግሞ ኢ ክር ላይ ባዶና አንደኛ፣ ኤ ክር ላይ ባዶ፣ አንደኛና አራተኛ፣ ያ አንደኛው ፍሬት ላይ ያለው ግማሽ ድምፅ በቤዝ ሲሰማ ሆድ ያባባል፣ ኪቦርዲስቱ እንኳ እጁን አንስቶ አዳመጠ።

ከከበሮው ጋር መግባባት ግን ጊዜ ወሰደ። ጀማሪው ሁሉ ቤዝ ብዙ ሲመታ ጥሩ ይመስለዋል። ችክችካ በሚባለው ምት ላይ ከበሮው በሰፊው ፊት ዱም ሲል ቤዙ አብሮ ካረፈ፣ በጠባቡ ፊት የሚመታውን ደግሞ ለከበሮው ከተወለት ሰው ሳያውቀው ትከሻው ይነሳል፤ ሁሉንም ልሙላ ካለ ግን ገንፎ ነው። ልጅቷ ይሄን የገባት ስፖንጅ ስታደርግበት ነው። የድሮዎቹ ቤዞች ብሪጁ ላይ የብረት ክዳን ነበራቸው፣ ከሥሩ ስፖንጅ ተለጥፎ ክሩን ይጫነዋል፣ ድምፁ ዱም ብሎ ቶሎ ይቆማል። እኛም የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆርጠን ከክሩ ሥር ሸጎጥን፣ አዳራሹ ውስጥ ሲያስተጋባ የነበረው ጩኸት ጠፋ፣ የባህል ቡድኖች የሚይዙትን ቤዝ ክራር መሰለ።

ክር የሚባል ነገር ባህር ዳር ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፣ የአዲስ አበባው ዋጋም አይቀመስም። ላብና የሐይቁ እርጥበት ተደርቦበት ክሩ የካቲት ላይ ደንቁሮ ቀረ። አሮጌ የቤዝ ክር ሲቀቀል ይታደሳል፣ ጥቅልሉ መሃል የገባውን ላብና እድፍ ውኃው ያወጣዋል፣ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ቢሆንም። ልጅቷ ቤቷ ወስዳ ብረት ድስት ውስጥ ጣደችው፣ እናቷ ገብተው ክዳኑን ከፍተው አዩና «ዛሬ ደግሞ የብረት ሾርባ ነው?» አሏት። ድስቱን እሷው ፈትጋ መልሳለች፣ ክሩን በፎጣ አድርቃ ስታስገባው እንደ አዲስ ጮኸ። ለነገሩ የድሮውን ድምፅ የሚፈልግ ሰው ላዩ ለስላሳ የሆነውን ፍላት ዋውንድ ክር ነው የሚያስገባው፣ እሱ ዓመታት ቢቆይም ችግር የለውም፣ የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጀመርሰን ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር ይባላል። እሱን ክር ግን እስካሁን በእጃችን አልነካነውም።

የወላጆች ቀን ሰኔ ላይ ነበር፣ ዝናብ። ልምምድ ላይ ዘፋኙ ማይኩን በከንፈሩ ሲነካ ነዘረው፣ ልጅቷም ክሩን ይዛ ማይክ ስትነካ እንደዛው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ 220 ቮልት ነው፣ ሶኬቱ ኧርዝ ከሌለው የቤዙ ክር ከአምፑ ብረት ጋር አንድ ስለሆነ ሰውነት መንገድ ይሆናል። ልምምዱን አቁመን ኤሌክትሪሺያን አስጠርተን ኧርዝ አስገባን፣ ከዛ ሁሉንም ዕቃ በአንድ ዲቫይደር ሰካን፣ ማይኩ ላይ ስፖንጅ አለበስን፣ እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግር መቆም ከለከልን። ይሄ አሁን የክበቡ ሕግ ነው፣ በር ላይ ተለጥፏል። በቀኑ ግን ደህና ዋሉ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ኪቦርዲስቱ ከልምድ የተነሳ ግራ እጁ ወደ ቤዙ ሲሄድ ልጅቷ ዓይኗን ስታፈጥበት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ከዛ በአንድ እጁ ጨረሰ፣ ከፊት የተቀመጡት እናቶች ወንበራቸው ላይ ሆነው እስክስታ ጀመሩ።

የማልወደው አንድ ነገር አለ። የድሮው ፕላን ሲባል የአንገቱ ማስተካከያ ብሎንም እንደ ድሮው አካሉ ውስጥ የተደበቀ ነው። በጋ ደርቆ የነበረው እንጨት ክረምት ሲገባ ይንቀሳቀሳል፣ ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል፣ ያን ለማስተካከል ክሩን አላልቶ አራቱን ብሎን ፈቶ አንገቱን አውልቆ ሩብ ዙር አጥብቆ መልሶ ገጥሞ ቃኝቶ ማየት፣ ካልሆነ እንደገና። መልኩን ድሮ አድርገው ይቺን እንኳ ቢያዘምኗት ምን ነበረበት?

ለሚቀጥለው ዓመት፣ ልጅቷ 12ኛ ክፍል ስለምትገባ ፈተናው ይቀድማል፣ ከመስከረም ጀምሮ ሁለት የ9ኛ ክፍል ልጆች ከሥሯ ይማራሉ። ክረምቱን ቤዙ ስቶር ነው፣ መለማመድ የሚፈልግ ጋሼ ጋ ፈርሞ ግቢ ውስጥ ይጫወታል፣ ወደ ቤት አይወሰድም። አዲስ አበባ የምትሄዱ ወላጆች ደግሞ ክር ላምጣላችሁ ስትሉ እግዜር ይስጥልን፣ ግን ሻጩን «የቤዝ፣ ባለ አራት፣ ሎንግ ስኬል፣ ከ45 እስከ 105» በሉት፣ ቁጥሮቹ የክሩ ውፍረት ናቸው፣ የሊድ ጊታር ክር ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ እሱማ መሳቢያችን ሞልቷል።