ለአባቴ፦ ስለ ተራራውና ስለ ዓይንዎ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና፣ ደኅና ነን። ይህን የምታነብልዎት የእህቴ ልጅ ሳትቸኩል፣ ሳትዘልም ታንብብ። ትልቁ ልጄ በቁመት አልፎኛል። ትንሹ ጥርሱን እየቀየረ ነው፤ የወለቀውን ለአያቴ ላኪልኝ ብሎ አስቸግሮኛል።

ቅዳሜ ዕለት ሁለቱንም ይዤ ሳን ሆዜ አጠገብ ወዳለው ሐሚልተን ተራራ ወጣሁ። ከአናቱ ሊክ የሚባል የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ አለ። ተራራ ይበሉት እንጂ ከፍታው 1,283 ሜትር ነው፤ ጎንደር ራሷ ትበልጠዋለች። መንገዱ ግን እንደ ሊማሊሞ ይጠማዘዛል፤ ትንሹን አስመለሰው።

አስጎብኚዋ ወደ ትልቁ ጉልላት አስገባችን። ቀን ስለሆነ ኮከብ የለም፤ የሚታየው ቴሌስኮፑ ነው። ቱቦው 17 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከጫፉ ያለው መስታወት 91 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ተመልካቹ ዓይኑን እንዲያደርስ ወለሉ ራሱ ከፍና ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነው የተሠራው። ገንዘቡን የሰጠው ጄምስ ሊክ ቀድሞ ፒያኖ ሠሪ የነበረ ሀብታም ነው። ሥራው ሳያልቅ ሞተና ኋላ ሬሳውን አምጥተው ቴሌስኮፑ ከቆመበት ዓምድ ሥር ቀበሩት። ትንሹ ይህን ሲሰማ በጣቱ ጫፍ መራመድ ጀመረ። እኔ ቁስቋም ትዝ አለችኝ፤ እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ያረፉባት። ዘመኑን ብቆጥረው ቴሌስኮፑ ሥራ የጀመረው በእኛ በ1880 ነው፤ ድርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለበት፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቡ ባዳነበት ዓመት። ለአስጎብኚዋ ነገርኳት። ስለ ንቡ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

እ.ኤ.አ. በ1892 ባርናርድ የሚባል ሰው በዚሁ ቴሌስኮፕ የጁፒተርን አምስተኛ ጨረቃ አይቷል። ከእርሷ ወዲህ የተገኙት የፕላኔት ጨረቃዎች ሁሉ በፎቶግራፍና በመሣሪያ ነው እንጂ እንዲያው በዓይን የተገኘ የለም አለችን። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም፤ እርስዎን እያሰብኩ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ እታከማለሁ ብለው ነበር። አሁን ደግሞ ከፍልሰታ በኋላ ብለዋል አሉ። የዓይን ሞራ ማስገፈፍ እኮ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ቤት የሚያስገባ ሕክምና ነው። ገንዘቡን ለእህቴ ልኬአለሁ፤ ለጣራው ቆርቆሮ እንዳይውል። ደረጃው ላይ መውደቅዎንም ሰምቻለሁ፤ ማን ነገረሽ አይበሉኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ምን ልይ ብዬ ነው የምታከመው የሚሉ ይመስለኛል። እኛስ? እሺ፣ ይህን በስልክ እንነጋገረዋለን።

አንድ ነገር ግን ልበል። ወንድሜንና የጎረቤት ልጆችን ሰብስበው ባሕረ ሐሳብ፣ ያንን የጾምና የበዓል ቀን ማውጫ ስሌት፣ ሲያስተምሩ እኔን ቡና አፍዪ ይሉኝ ነበር። እኔም ልማር ብዬ ብጠይቅዎ «ለሴት ልጅ አበቅቴ ምን ያደርግላታል» አሉኝ፣ በልጆቹ ፊት። ሳቁብኝ። እርስዎ ረስተውት ይሆናል። ወንድሜ ዛሬ መኪና ይነግዳል፤ ጾም የሚገባበትን ቀን የሚያየው ከስልኩ ነው። እኔ ቡናውን እየቆላሁ የሰማሁት ግን አልጠፋኝም። ከተራራው እንደተመለስኩ ልጆቹን አስተኝቼ ዓመተ ዓለሙን፣ ከፍጥረት ወዲህ ያለውን የዓመት ቁጥር፣ ለ19 አካፍዬ ገደፍኩት። የመጪው የ2019 መጥቅዕ 7፣ አበቅቴው 23፤ ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ወጣልኝ።

ስሌቱን ከነአካሄዱ በሁለተኛው ወረቀት ላይ በደቃቅ ጽሕፈት ጽፌዋለሁ። ይህን ልጅቷ ታንብብልዎት፤ ያንን ግን አታንብብ። ሐኪሙ ፋሻውን ከፈታልዎ በኋላ እርስዎ ራስዎ አይተው፣ ስሕተት ካለበት በቀይ ቀለም አርመው ይላኩልኝ።

ልጅዎ