ከፎቶው ዳር ያለችው እጅ የኔ ናት

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጁ፣

ስለ ትምህርት ቤታችን የዓመት መዝጊያ ያወጣችሁትን ዜና አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ በደስታ። ሁለተኛ ለጎረቤት ጮክ ብዬ። ሦስተኛ ዓይኔ ተሳስቶ እንዳይሆን ብዬ። አራተኛ ተናድጄ። አሁንም አልበረደልኝም።

ልጆች ሳለን ክፍል ውስጥ የበደለንን ልጅ እዚያው አንማታውም ነበር፤ መምህር አለ፣ አርጩሜ አለ። «ሰኔ 30 እንገናኝ» እንለውና እንታገሳለን። ካርድ ተሰጥቶ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ማን ይቀጣናል? እናንተ ግን የበደላችሁኝ በራሱ በሰኔ 30 ነው። ስለዚህ ቀጠሮው ወደ ሐምሌ ተላልፏል፣ ይኸው መጥቻለሁ።

ነገሩ አንድ ቃል ነው። ከዜናው መሀል ላይ «ለተማሪዎቹ በበጎ ፈቃደኛ እናቶች የተዘጋጀ የምሳ ግብዣ ተደርጎላቸዋል» ይላል። በጎ ፈቃደኛ የተባልነው እኛ ነን።

እኛ መጋቢ እናቶች ነን፤ በየቀኑ ለተማሪዎቹ የምናበስል። በዚህች ትንሽ ትምህርት ቤት ስምንት ነን። ተደራጅተን፣ ማኅበር አቋቁመን፣ ውል ፈርመን፣ የጤና ምርመራ አድርገን ነው ድስት የጣድነው። ክፍያችን ብዙ ነው አላልኩም፣ ግን ክፍያ ነው። ሰው ደሞዙ ስላነሰ በጎ ፈቃደኛ አይባልም። እንደዚያ ከሆነማ ከአዲስ አበባ አስተማሪ ግማሹን በጎ ፈቃደኛ በሉትና ይለይለት።

«አንድ ቃል ናት፣ ምን ያካብዳታል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ባለቤቴም ያለው ይህንኑ ነው። እስቲ ቃሏ ሰፈር ገብታ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ።

ዘይትና ሳሙና በዱቤ የምወስድበት ሱቅ አለ። ባለ ሱቁ ዜናውን ስልኩ ላይ አይቶታል። «እናቴ፣ ለካ በነፃ ነው የምትሠሪው!» አለኝ። በአክብሮት ነው ያለኝ፣ ልጁ ጨዋ ነው። እጁ ግን የዱቤ ደብተሩ ላይ ነበር፣ ገጹንም እያገላበጠ ነበር። የኔን ገጽ እየፈለገ እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። የእቁባችን ጸሐፊ ደግሞ ባለፈው እሑድ ሰው ፊት «ዕጣው ቢወጣልሽ ዋስሽ ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስድስት ዓመት ስጥል ዋስ ተጠይቄ አላውቅም። በእድር ደግሞ አንዲት ትልቅ ሴት እጄን ያዙና «የነፍስ ሥራ ነው ልጄ፣ እግዜር ይክፈልሽ» አሉኝ። አሜን ብያለሁ። ግን የቤት አከራዬ እግዜር እስኪከፍለኝ የሚጠብቁ አይመስለኝም።

እንግዲህ ተናድጄም ቢሆን ፍርደ ገምድል ልሆን አልፈልግም። ጋዜጠኛችሁ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው። እዚያ ከሽሮ ሜዳ በላይ ወዳለች ትንሽ ትምህርት ቤት በጭቃ መምጣቱም ራሱ ያስመሰግነዋል፤ ስለኛ ተጽፎ አያውቅም። ልጆቹን ቁጢጥ ብሎ ነው ያነጋገራቸው። ያቺ የሸማኔ ልጅ ግጥም ያነበበችውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ጽፎላታል፣ አባቷ ወረቀቱን አሳትሞ ከሸማ መሥሪያው በላይ ሰቅሎታል። ስህተቱም ከየት እንደመጣ መገመት እችላለሁ። አንዱ እንግዳ መድረክ ላይ ሲናገሩ «በጎ አሳቢ እናቶቻችን» ብለውናል። በጎ አሳቢነቱ እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። ልጁ በጎ አሳቢ የሚለውን ሰምቶ በጎ ፈቃደኛ ብሎ ጻፈው። አንድ እርምጃ ነው የሳተው። ደግሞ ድሮ እንደዚያ ነበር። ከተማዋ ምገባውን በራሷ በጀት በ2012 ከመጀመሯ በፊት ለተራበ ልጅ የሚደርስለት በጎ አድራጊ፣ ወይም ከኪሱ ዳቦ የሚገዛ መምህር ነበር። እንደነሱ ያለ ሰው በጎ ፈቃደኛ ቢባል ያንሰዋል።

አሁን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዛሬ በከተማው ከ700 ሺህ የሚበልጥ ተማሪ ቁርስና ምሳ የሚበላው በየትምህርት ቤቱ ነው። ይህን የሚያበስሉት እናቶች ከ10 ሺህ በላይ ናቸው። ከተማዋ በዚህ ምገባ በ2015 የሚላን የሚባለውን፣ ለከተሞች የምግብ ሥራ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸልማለች፣ እናንተም ያኔ ጽፋችሁ ነበር። ያኔ የጻፋችሁት ላይ «ለእናቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ይላል። ሰኔ 30 ላይ ደርሰን ያ የሥራ ዕድል በጎ ፈቃድ ሆነ። የት ሄዶ ነው? እኔ እንደሆነ አልለቀቅኩም!

አስቡት እስቲ። በጎ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ዛሬ ደከመኝ ብሎ ይቀራል፣ አመስግነው ይሸኙታል። እኔ ዛሬ ብቀር አራት መቶ ያህል ልጅ ጾሙን ሊውል ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የምነሳው ፈቃዴ ስለሆነ ይመስላችኋል? ፈቃዴማ እስከ 2 ሰዓት መተኛት ነበር። በሰኔ ዝናብ፣ ቁልቁለቱ እንደ ሳሙና እያንሸራተተ፣ የእጅ ባትሪ ይዤ እወጣለሁ፤ የሽንኩርቱን ጆንያ ከጓደኛዬ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን እናስገባለን፤ ዘበኛው በሩን እየከፈተ «ደግሞ መጣችሁ?» ይለናል፣ በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይዘል፣ እኛም በየቀኑ እንስቃለን።

ደግሞ «የምሳ ግብዣ» የሚለው። የምን ግብዣ? የዘወትር ምሳቸው ነው። የዚያን ቀን የተጨመረው ድንች በካሮትና ሰላጣ ብቻ ነው፣ እሱም ወላጆች ያዋጡት። እንግዶቹ ናቸው የተጋበዙት፣ ልጆቹማ ቤታቸው ነው።

ስለዚያ ቀን እኔ ልንገራችሁ፣ ከድስቱ በኩል ሆኜ ያየሁትን። ዝግጅቱ 3 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ነበር። እንግዶቹ የደረሱት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ድንኳኑ የእድር ነው፣ አንዱ ጥጉ ያፈሳል። መዋዕለ ሕፃናት ጨርሰው ወደ 1ኛ ክፍል የሚያልፉት ልጆች ያንን ጥቁር ጋዋን ለብሰው፣ ቆባቸው ዓይናቸው ላይ እየወረደ፣ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈዋል። ሚኒ ሚዲያው ማይኩን «ሀሎ ሀሎ» እያለ ሁለት ሰዓት ሞከረው። መጀመሪያ ያለቀሰው አንድ ነው፣ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ተያያዘው። ርቧቸዋል። ፕሮግራሙ «ምሳ ከንግግሮቹ በኋላ» ይላል። እኛ ፕሮግራሙን አላነበብንም (እውነቱን ለመናገር አንብበነዋል)። ከድንኳኑ ጀርባ አንድ በአንድ እያስገባን፣ ጋዋናቸውን ወደ ላይ ሰብስበን በመርፌ ቁልፍ ይዘን፣ አበላናቸው። ወጥ አንዱም ጋዋን ላይ አልፈሰሰም። መድረክ ላይ ሲወጡ ለምን እንደዚያ ደስ ብሏቸው እንደዘመሩ ጋዜጠኛችሁ «በልዩ የደስታ ስሜት» ብሎ ጽፏል። ምስጢሩ ሽሮ ነው።

አሁን ወደ ፎቶው።

ፎቶው ላይ አንድ እንግዳ ጭልፋ ይዘው፣ ፈገግ ብለው፣ ለአንዲት ልጅ ወጥ ሲጨልፉ ይታያል። ከሥሩ የእንግዳው ስም ከነማዕረጋቸው አለ፤ የማንንም ማዕረግ አላሳሳታችሁም፣ ለዚህ ጎበዝ ናችሁ። ከፎቶው ዳር በግራ በኩል አንዲት እጅ ብቻ ትታያለች። እጅጌዋ እስከ ክንድ የተጠቀለለ፣ አውራ ጣቷ ላይ ፕላስተር የተለጠፈባት፣ ሽንኩርት ስልጥ የቆረጥኩት ነው። ያቺ እጅ የኔ ናት። የተዘረጋችውም ለሰላምታ አይደለም። ጭልፋዬን ለመቀበል ነው፣ ወጡ በልጅቷ ጫማ ላይ እየተንጠባጠበ ነበርና። እንግዳው ለሦስት ልጆች ጨለፉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ጭልፋውን መለሱልኝ። ለቀሩት ልጆች እኔ ጨለፍኩ። ፎቶ አንሺው ከሦስተኛዋ ልጅ በኋላ ካሜራውን ዘግቷል።

ለእንግዳው ቅሬታ የለኝም፣ ሰው ቤት ሄዶ ጭልፋ ሲሰጡት ምን ያድርግ። ቅሬታዬ የኔን ፊት ቆርጦ እጄን ለተወው ሰው ነው። ወይ ሙሉ በሙሉ ቁረጡኝ፣ ወይ ሙሉ አስገቡኝ። ልጄ ፎቶውን ስታይ «እማዬ፣ እጅሽ ጋዜጣ ላይ ወጣች» ብላ ስቃ ልትሞት ነው። እሷ 4ኛ ክፍል ነች፣ እዚያው ትምህርት ቤት። ሰባተኛ ወጥታለች፣ ሽልማት እስከ ሦስተኛ ስለሆነ ስሟ አልተጠራም። እሱን ለናንተ አላሳብብም።

በቅንፍ የምላችሁ አንድ ነገር፦ «የ8ኛ ክፍል ተፈታኞች» ብላችኋል። ትምህርት ቤታችን 8ኛ ክፍል የለውም። በአዲሱ ሥርዓት አንደኛ ደረጃ የሚባለው እስከ 6ኛ ነው፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ተብሎ ተለይቷል። የኛዎቹ የወሰዱት የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፉን ነው። ይህንን ርዕሰ መምህሩ ይጻፉላችሁ፣ እኔ የወጥ ቤቱን ብቻ ልያዝ።

ዜናው ያለፈው ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፣ ከቃሏም ጋር ይገናኛል። ለልጆቹ ሰኔ 30 ነፃነት ነው። እየዘለሉ ነው የወጡት፣ ደብተር እየበተኑ። ለኛ ግን ሰኔ 30 ድስቱን አጥበን፣ ደፍተን፣ ቆልፈን፣ እስከ መስከረም የምንሰነባበትበት ቀን ነው። በኛ ማኅበር ምገባ ከሌለ ገቢ የለም። እኔ ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ዓመት ነው። በ2012 ገና ሥራውን ለመድነው ስንል፣ መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የገዛሁት አዲስ ሽርጥ ስድስት ወር አልሞላውም ነበር። አጣጥፌ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲመጣ ያ ሽርጥ ነው ትዝ የሚለኝ። አንዷ ጓደኛችን ክረምቱን ልብስ ታጥባለች፣ ሁለቱ በቆሎ እሸት ይጠብሳሉ፣ እኔ ጥጥ እፈትላለሁ፣ ሰፈሩ የሸማኔ ስለሆነ ፈትል ፈላጊ አይጠፋም። እንግዲህ ሰኔ 30 ቀን ማታ፣ እጃችን ገና ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ፣ ሁለት ወር በምን እንደምንኖር ቁጭ ብለን ስንቆጥር፣ ለካስ በጋዜጣ በጎ ፈቃደኞች ነን። ታዲያ በጎ ፈቃደኛ ክረምቱ ምን ያስጨንቀዋል? የፈቀደ ለት መጥቷል፣ የፈቀደ ለት ይሄዳል። ስለዚህ ማንም «ክረምቱን እንዴት ናችሁ?» ብሎ አልጠየቀንም፣ ጋዜጠኛችሁም ጭምር። ቢጠይቀን ኖሮ መልሱ ከንግግሮቹ ሁሉ ያጠረ ነበር።

ጋዜጠኛው ስለ ሁለተኛ የወጣው ልጅም ጽፏል፣ ጥሩ አድርጎ። ያ ልጅ መስከረም ላይ እንጀራውን ግማሽ በልቶ ግማሹን በፌስታል ወደ ቦርሳው ይከት ነበር። ቤት ታናሽ አለው፣ ገና ለትምህርት ያልደረሰ። ከኅዳር ጀምሮ ፌስታሉን አልከተተም፣ እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም፣ የማኅበራችን ሒሳብ ያዥ ጋዜጣ ታነባለች። ሁለተኛ ያወጣችው መምህርቱ ናት፣ ምስጋናው ለሷ ነው። እኔ የማውቀው ፌስታሉን ብቻ ነው።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። «በጎ ፈቃደኛ እናቶች የተባለው መጋቢ እናቶች ተብሎ ይታረም» የሚል አንድ መስመር። በድረ ገጹም፣ በወረቀቱም። የወረቀቱን ቆርጬ ለባለ ሱቁ እወስድለታለሁ፣ የዱቤ ደብተሩ ውስጥ ቢለጥፈው ደስ ይለኛል። ስሜን ማውጣት አያስፈልግም፣ እጄ ወጥታለች ይበቃል።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት ደሞዝተኛ መጋቢ እናት
ሽሮ ሜዳ

የተረሳ፦ ጋዜጠኛችሁ ከኛ ጋር ምሳ በልቷል፣ ሁለቴ ጨምረንለታል። ሲሄድ ለጓደኛዬ ቀስ ብሎ «ጨው ትንሽ በዝቷል» ብሏታል። ይህንን እንኳ አላሳሳተም፣ በዝቶ ነበር።