በእርሳስ ጻፊ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ውርጭ ዘንድሮም አልማረንም፤ እናትሽ ጠዋት ጠዋት የባቄላውን ማሳ እያየች ትብከነከናለች። አያትሽ ደግሞ አይጥ እንደምትይዢ ከሰማች ወዲህ "መጥታ የጎተራውን ትውሰድልን" እያለች ነው።

ባለፈው እሁድ ድምፅሽ አላማረኝም። የአይጡ አንጎል ቁራጭ እየተጠቀለለ አንድ ሙሉ ናሙና ተበላሸብሽ፤ "አባዬ፣ እኔ እኮ ቴክኒሻን ብቻ ነኝ፤ እሱንም አልቻልኩበትም" አልሽኝ። "ብቻ" ያልሽው ከነከነኝ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በቀዘቀዘ ማሽን ውስጥ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ከ30 በላይ ቁራጭ እያወጣሽ በብሩሽ ጫፍ ታስተኛለሽ። እኔ ስንት ዓመት ላብራቶሪ ስቀመጥ እንዲህ ያለ ስስ ነገር ነክቼ አላውቅም። ቅዝቃዜውን አይተሽዋል ግን? ሲበዛ ይጠቀለላል፣ ሲያንስ ስለቱ ላይ ይለጠፋል ያልሽኝ አንቺው ነሽ።

የእኔን ጉድ ነግሬሽ አላውቅም። ከጣርማበር ዋሻ ወርጄ ሸዋ ሮቢት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ ወባው በበረታበት ሰሞን፣ ደም የተቀባባቸውን ስላይዶች፣ የመስታወቶቹን ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ደሙ እንዲይዝ ሜታኖል ውስጥ ስነክራቸው ቁጥሩ ታጥቦ ሄደ። አሥራ አንድ ስላይድ ባለቤት አልባ ሆነ። በጂምሳ ቀለም ነክሬ ሳያቸው ሁለቱ ውስጥ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተሕዋስ አለ። የማን ነው? በተራ ደርድሬያቸው ነበርና፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተራውን ተከትዬ ቁጥሩን ልሞላ እጄ ተነሥቶ ነበር። ተራው ግን እውነት ተራው ነበር ወይ? ሄጄ ለአለቃዬ ነገርኩ። ስድቡን ተይው። ሰዎቹን አስጠርቼ እንደገና ጣታቸውን ወጋሁ፤ አንዲት እናት "ያንን ደሜን ሸጥከው እንዴ?" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በእርሳስ ነው የምጽፈው። እርሳስን አልኮልም፣ ዛይሊን የሚባለው ማሟሟያም አያጠፋውም።

ያ በከዘራ የሚሄደው ጎረቤታችን ትዝ ይልሻል? ጉልበቶቹ እየተፋተጉ በጣቶቹ የሚረግጠው? በ1977ቱ ድርቅ ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ጓያ ብቻ በልቶ ነው እንዲያ የሆነው። አንድ ቀን "ደሜን እይልኝ" ብሎ መጣ። አየሁለት። "ንጹሕ ነው" አልኩት። "ንጹሕ ከሆነ ለምን አልሄድም?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ እንዳለ ያነበብኩት በኋላ ነው፤ የነርቭ ሕዋሶች የሚነጋገሩበትን ግሉታሜት መስሎ ገብቶ ከልክ በላይ ይቀሰቅሳቸዋል፣ እግር የሚያዙትንም ይጎዳል። እኔ በደም ጠብታ ስፈልገው የነበረው ነገር አንቺ ክሬሲል ቫዮሌት በሚባለው ቀለም ሐምራዊ የምታደርጊው የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ኖሯል። ያንንም ለማየት መጀመሪያ አንድ ሰው ሳያጣጥፍ መቁረጥ ነበረበት።

በሶ አስፈጭተን ቋጥረናል፤ የሚመጣ ሰው ከተገኘ እንልካለን። የተበላሸውን ናሙና ለአለቃሽ ነግረሻታል ወይስ እስካሁን በሆድሽ ይዘሽዋል? እሁድ ስትደውይ ከሁሉ በፊት እሱን ንገሪኝ።

አባትሽ